ከመናኸሪያ እስከ ገበያ በበረንዳ

ባለፈው ሰሞን ከመናኸሪያ ወደ ቤቴ ስመለስ የሲሚንቶ ሽታ አስቆመኝ። ሲሚንቶ የሚሸት ነገር ነው ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ግን አዲስ ተሞልቶ፣ ገና ሳይደርቅ ካፊያ ነክቶት፣ ከሥሩ ከተደገፈበት የባሕር ዛፍ አጠና ሽታ ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫዬ ሲገባ እግሬ አልንቀሳቀስም አለኝ። ቀና ብዬ ሳይ ፎቁ የሚሠራው ድሮ የሐጂ አወል ጨርቅ ቤት በነበረበት ቦታ ላይ ነው። እኔ የቆምኩበት የእግረኛ መንገድ ደግሞ የልብስ ስፌት መኪናዬ ለዓመታት የተቀመጠበት ቦታ ነው። እንዴት አወቅህ ብትሉኝ፣ ከማዶ ያለው የፋርማሲ በር ፊት ለፊቴ ነበር። መንገዱ የሰፋው ወደ እኛ ወገን ስለሆነ ያኛው ወገን አልተነካም። ያንን በር ከመኪናዬ ቀና ባልኩ ቁጥር ሳየው ስለኖርኩ ዓይኔን ጨፍኜም አገኘዋለሁ።

ያኔ ስል መንግሥት ተቀይሮ፣ የመሥሪያ ቤቶቹ ታፔላ በቁቤ፣ በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ እንደ አዲስ ተጽፎ፣ ቀለሙ ገና ሳይደበዝዝ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ተዉት፤ እኔ የማስታውሰው በልብስ ነው። ወንዱ ወገቡ ላይ እጥፋት የበዛበት ሰፊ ሱሪ የሚያሰፋበት፣ ሴቷ ትከሻው በስፖንጅ ከፍ ያለ ኮት ካልሆነ አልለብስም የምትልበት ዘመን ነበር። ዋናው መንገድ ጠጠር ነው። ግራና ቀኙ ቆርቆሮ የለበሱ ጭቃ ቤቶች ናቸው፤ ሁሉም ፊት ለፊታቸው በእንጨት ምሰሶ የቆመ በረንዳ አላቸው። የከተማችንን የመቱን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሚያዝያ ላይ ከገባ ጥቅምት ድረስ ውጣ ቢሉት የማይወጣ እንግዳ ነው። እናም አንዱ ባለሱቅ ጭቃው እቃው ላይ እንዳይረጭ ቆርቆሮውን ወደ መንገዱ ሳብ አደረገ። ጎረቤቱም አይቶ ሳበ። እንዲህ እንዲህ እያለ ቆርቆሮው ተገናኘና ከጎሬ በመጣው አውቶቡስ መናኸሪያ የወረደ ሰው ጫማው ሳይረጥብ ገበያ መድረስ ቻለ። ማንም አላቀደውም። አንድ ክፍተት ብቻ ነበረች፤ ፎቶ ቤቱና ዳቦ ቤቱ ተጣልተው ስለነበር ቆርቆሯቸውን አላገናኙም። እዚያች ቦታ ላይ ዳኛውም፣ መምህሩም፣ ነጠላዋን ያጣፋች ባልቴትም እኩል ይዘሉ ነበር። ዘግየት ያለ ሰው ውኃው ማጅራቱ ላይ ይወርድበትና ሁለቱን ባለሱቆች ይራገማል።

ሐጂ አወል ከጅማ ወገን የመጡ ነጋዴ ናቸው። ውስጥ እሳቸው ጨርቅ ይሸጣሉ፤ ቴትሮን፣ ካኪ፣ ከፋይ፣ አቡጀዲ በመደርደሪያው ላይ ተደርድሯል። ውጭ በረንዳው ላይ እኔና ዲንቃ የሚባል ባልደረባዬ መኪናችንን ዘርግተን እንሰፋለን። ከጎናችን እትዬ ውብነሽ ቁልፍና ክር፣ ዚፕና ላስቲክ በትንሽ ጠረጴዛ ይሸጣሉ። ሱሪ በአሥራ አምስት ብር እሰፋ ነበር፤ ቁልፍ መትከል በስሙኒ። ሐጂ ለበረንዳው ኪራይ ጠይቀውን አያውቁም። ለምን ብላችሁ ብትጠይቋቸው ይስቁ ነበር እንጂ አይመልሱም፤ እኔ ግን ቆይቶ ገባኝ። ጨርቅ የገዛ ሰው በሩ ላይ ሰፊ ካገኘ ሁለተኛ ጨርቅ ይጨምራል፤ እኛ ጋ ልብስ ሊያስጠብብ የመጣ ሰውም ዓይኑ ወደ ውስጥ መግባቱ አይቀርም። ከአጠገባችን ካለው ካሴት ቤት ቀኑን ሙሉ ዘፈን ይለቀቃል፤ አንድ የኦሮምኛ፣ አንድ የአማርኛ፣ እያፈራረቁ። ዲንቃ በዘፈኑ ምት መኪናውን ስለሚረግጥ ዘፈኑ ፈጠን ያለ ቀን ስፌቱ ይጣመምበታል።

አንድ ደንብ ግን ነበረን፤ የትም ተጽፎ አላየሁትም። ዝናብ ያስጠለለውን ሰው ምን ፈለግህ ብሎ መጠየቅ በእኛ ዘንድ ነውር ነበር። መጀመሪያ መቱ የመጣሁ ሰሞን ነገሩን አላውቅም። ከሶር ወንዝ በኩል ማር ይዘው የመጡ አንድ ሽማግሌ በረንዳችን ላይ ቆመው ሲያዩኝ ተሽቀዳድሜ፣ «አባባ፣ ምን ልስፋልዎ?» አልኳቸው። ሰውየው አፍረው ዝናቡ ውስጥ ወጥተው ሄዱ። ሐጂ ከውስጥ ብቅ ብለው፣

«በቀለ፣ ምን አደረግህ?» አሉኝ።

«ምን ልስፋ ነው ያልኳቸው።»

«ሰውየው ዝናብ አስጠልሏቸው ነው የቆሙት። ስትጠይቃቸው ካልገዙ መቆም የማይቻል መሰላቸው። ዱካ ስጣቸውና ዝም በል። መናገር ከፈለጉ ራሳቸው ይናገራሉ።»

ከዚያ ወዲያ ዱካዬን በእግሬ ገፋ አደርግና፣ «ኮቱ፣ ታኢ» እላለሁ፤ ና ተቀመጥ ማለት ነው። ከዚያ ስፌቴን እቀጥላለሁ። ሰውየው መጀመሪያ ዝናቡን ያያል። ዝናቡ ሲሰለቸው የእኔን መርፌ ያያል። ቀጥሎ የራሱን እጅጌ አገላብጦ ያያል። ትንሽ ቆይቶ ጉሮሮውን ይጠርግና፣ «ይቺን ነገር ስንት ታደርግልኛለህ?» ይላል። ከገበያዬ ግማሽ ያህሉ እንዲህ የመጣ ይመስለኛል። ደላላችን ዝናቡ ነበር፤ ኮሚሽን አይጠይቅም።

ኢንጂነር ገመቹን ያወቅሁት በዚያው በረንዳ ላይ ነው። ያኔ ቀጭን ወጣት ነበር፤ የከተማዋን ማስተር ፕላን ከሚያዘጋጁት ሰዎች ጋር መጥቶ መንገዱን በሜትር ሲለካ ዝናብ መጣና እኛ ጋ ተጠለለ። ዱካ ገፋሁለት፤ አልተቀመጠም። ምሰሶ ተደግፎ ቆሞ ሰዉን ያያል። እኛም እንደ ልማዳችን ምንም አልጠየቅነውም። እሱም አልጠየቀንም። ዝናቡ አባርቶ ሲሄድ ዲንቃ፣ «ጨዋ ልጅ ነው» አለ፤ እኔም በዚህ ተስማማሁ።

ስብሰባው የተጠራው ጥር ላይ ነው። ጥር በእኛ አገር ሰማዩ የተጠረገ፣ ቡና ተሽጦ እጁ የረጠበ ሰው የበዛበት ወር ነው፤ በረንዳ ሥር የሚቆም የለም፣ ሁሉም ፀሐይ ላይ ነው። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ኢንጂነር ገመቹ ካርታውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ በኦሮምኛም በአማርኛም አስረዳ። ዋናው መንገድ ይሰፋል፤ አስፋልት ይሆናል፤ ወደ መንገዱ የወጣ በረንዳ ሁሉ ይነሣል፤ ወደፊት በመንገዱ ዳር የሚሠራው ሁለት ፎቅና ከዚያ በላይ ብቻ ነው። ለምን ሲባል ከተማ የሚያድገው መኪና ሲገባበትና መሬቱ በደንብ ሲሠራበት ስለሆነ። ጭብጨባው አዳራሹን አናወጠው። ከሁሉ በፊት ተነሥተው የደገፉት ሐጂ አወል ናቸው። «እኔ ባልደርስበትም ልጄ ትልቅ ከተማ ትይ» አሉ፤ ልጃቸው ዘይነባ ያኔ ደብተር ይዛ ከትምህርት ቤት የምትመለስ ልጅ ነበረች። ስለ ዝናብ የተናገረ ሰው አልነበረም። ጥር ላይ ስለ ዝናብ ማን ያስባል?

በረንዳው የሚነሣበት ቀን ሲደርስ ሐጂ ሰው አልጠበቁም፤ መጋዝ አምጥተው የራሳቸውን ምሰሶ ራሳቸው ቆረጡ። ቆርቆሮው ሲወርድ ብርሃን ወደ ሱቁ ገባ። የጨርቁን ቀለም እንደዚያን ቀን ደምቆ አይቼው አላውቅም። እትዬ ውብነሽ፣ «ይኼ ሁሉ ሰማይ እዚህ ነበር እንዴ?» ሲሉ ሁላችንም ሳቅን። ለሁለት ወር ያህል መንገዱ ሰፊ፣ ፀሐዩ ሙሉ፣ ሁሉም ነገር ሠርግ መሰለ።

ከዚያ ሚያዝያ ገባ። ሰው ከመናኸሪያ ይወርድና አንገቱን ቀብሮ እየሮጠ ያልፋል። የሚቆምበት የለማ! ሐጂ ሱቅ ውስጥ ገብቶ ቢቆም ገዢ መምሰል ይኖርበታል፤ ስለዚህ አይገባም። እኛ መኪናችንን ወደ ውስጥ አስገባን፤ ቦታው ጠበበ፣ ጨርቁን የመኪና ዘይት ነካው፣ ሐጂ አልተቆጡም፣ እኛ ግን ተሸማቀቅን። ዲንቃ ከጎሬ ወዲያ ወዳለችው ቡሬ ሄደ። እትዬ ውብነሽ ጠረጴዛቸውን ይዘው ቤታቸው ገቡ። እኔ ከኋላ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየሁ፤ የሚያውቀኝ ሰው ካልሆነ በቀር ማንም አያገኘኝም። ሐጂ ደግሞ ሁለት እሳት መካከል ወደቁ። ሁለት ፎቅ ለመሥራት አቅም የላቸውም፤ አሮጌውን እንዳያድሱ ደግሞ በፕላኑ መሠረት በዚያ መስመር ላይ ጭቃ ቤት ማደስ አይቻልም። ጣሪያው ሲያፈስ ከመደርደሪያው ላይ ባልዲ እያስቀመጡ ከረሙ። እንደዚያ እያሉ አረጁ፣ እንደዚያ እያሉ አረፉ።

ነገር ግን ፕላኑ ክፉ ነበር ብዬ ብናገር ውሸታም እሆናለሁ፤ እንቆቅልሽ የሆነብኝም ይኼው ነው። አስፋልቱ መጣ። ቡና የጫነ ትልቅ መኪና ድሮ ጠጠሩ ላይ ሲያቃስት ይውል የነበረው አሁን ሰተት ብሎ ያልፋል። ታማሚ ወደ ሆስፒታል በቶሎ ይደርሳል። ባጃጁ፣ ሚኒባሱ፣ ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት የመጣው ተማሪ፣ ያንን ጠባብ መንገድ ይዘን ቢሆን ኖሮ የት እናስገባቸው ነበር? ታዲያ መንገዱ እንዲህ ሲሞላ የመንገዱ ዳር ለምን ባዶ ሆነ? አንዳንዱ ሰው አቅም አግኝቶ ፎቅ ሠራ፤ ከታች ባንክ ገባበት፣ ከላይ «የሚከራይ» የሚል ወረቀት ዝናብ እስኪያጥበው ተለጥፎ ኖረ። በአንጻሩ ዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ ማንም ያላቀዳቸው የቆርቆሮ ሱቆች በሸራ ተያይዘው ሲጋፉ ይውላሉ። ጡረታ የወጣ ሰው ሥራ የለውም፤ እኔ ይህንን እያየሁ መዞር ጀመርኩ። ባለቤቴ፣ «ማዘጋጃ ቤት ደመወዝ ይክፈልህ እንጂ» እያለች ትስቅብኛለች።

ቡሬም ሄድኩ፤ ዲንቃን ልጠይቅ ነው ብዬ፣ ግን ዓይኔ ሌላ ፍለጋ ነበር። ከአውቶቡስ ስወርድ ዝናብ ነው። ዲንቃ አንድ ባለሱቅ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ የልጅ ዩኒፎርም ይሰፋል፤ ጸጉሩ ነጭ ሆኗል፣ እግሩ አሁንም ሬዲዮውን ተከትሎ ይረግጣል። አጠገቡ ሞባይል ጠጋኝ፣ ከዚያ ወዲያ ጫማ ሰፊ፣ ከዚያ ወዲያ በሶ የምትሸጥ ሴት። ዲንቃ ቀና ብሎ ሳያየኝ ዱካ በእግሩ ገፋ አደረገልኝና፣ «ኮቱ፣ ታኢ» አለ። ማን መሆኔን ሳያውቅ! ተቀምጬ አሰፋፉን አየሁ። ቆይቶ፣ «ምነው እጅጌህ ተተርትሯል፣ ሰፊ ጓደኛ የለህም?» ሲል ነው እንዳወቀኝ የገባኝ። ተቃቅፈን ሳቅን፤ ከሳቁ መሐል ግን እንባ ቢጤ መጣብኝ።

እንግዲህ ወደ ሲሚንቶው ሽታ ልመለስ። ያንን ፎቅ የምትሠራው ዘይነባ ናት። አባቷ ያልቻሉትን እሷ ከወንድሞቿ ጋር ተጋግዛ፣ ቡና ነግዳ፣ ባንክ ተበድራ ጀመረችው። በተሰጣት የግንባታ ጊዜ ውስጥ ካላጠናቀቀች መሬቱ ከእጇ ሊወጣ ይችላል። ይህን እያወቀች አንድ እብደት የሚመስል ነገር ፈለገች። የመጀመሪያውን ወለል ግድግዳ ወደ ውስጥ አስገብታ፣ ፊት ለፊቱን በምሰሶ ብቻ ክፍት ልትተወው ነው፤ ከላይ ያለው ፎቅ ጣሪያ ይሆነዋል። ከራሷ ሱቅ ቀንሳ በረንዳ ልትሠራ ማለት ነው። የተሻሻለው ንድፍ የማዘጋጃ ቤቱን ውሳኔ እየጠበቀ ነው፤ ምክንያቱም በዚያ መስመር የተፈቀደው የፎቅ ፊት እስከ ድንበሩ ድረስ በመስታወት የሚዘጋው ነው። ከተፈቀደላት ፊቱ ክፍት እንደሆነ ይቀራል። ካልተፈቀደላት በብሎኬት መዝጋት አለባት። ውሳኔው እስኪመጣ ደግሞ ከሥሩ ማንም ሰው ሥራ መሥራት አይችልም።

«ጋሼ በቀለ፣ ከተፈቀደ የመጀመሪያው ቦታ የርስዎ ነው» አለችኝ።

«እኔ ሽማግሌ ነኝ ዘይነባ፤ ከኋላ ሰፈር ያሉትን ወጣቶቹን ሰፊዎች ጥሪያቸው።»

«እነሱንም እጠራለሁ። ግን አባዬ ምሰሶውን ሲቆርጥ ጫፉን ይዘው የነበሩት እርስዎ ነዎት። ደብተሬን እንደያዝኩ ቆሜ አይቻለሁ።»

እውነት ነው፣ ምሰሶው እንዳይወድቅባቸው ጫፉን ይዤላቸው ነበር። እሷ ይህንን ሁሉ ዓመት ይዛው መኖሯ ነው የገረመኝ።

በዚያው ቀን ከአጠናዎቹ መካከል አንድ ሸበቶ ሰው ብቅ አለ። ኢንጂነር ገመቹ! ከመንግሥት ሥራ ወጥቶ የግል ንድፍ ይሠራል፤ የዘይነባን በረንዳ የነደፈውም እሱ ነው። ሳየው ልቆጣ ይሁን ልሳቅ አላወቅሁም። ካፊያው ሲበረታ ሁለታችንም አዲሱ የሲሚንቶ ጣሪያ፣ ስላቡ ሥር ጎን ለጎን ቆምን።

«ያንን መንገድ ባናሰፋው ኖሮ ዛሬ ይህች ከተማ ትታነቅ ነበር፣ ጋሼ በቀለ» አለኝ። «እናንተ ሰፊዎች ለልጅ ሱሪ ስትሰፉ ከታች ጨርቅ አታስተርፉም? እኔም ያስተረፍኩት እሱን ነው።»

«እናስተርፋለን። ግን ልጁ ሱሪውን ለብሶት እያለ በመቀስ አንገባበትም» አልኩት።

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቁሞ፣ «እኔ እኮ ያኔ እርስዎ በረንዳ ላይ ቆሜ ነበር። ያየሁት ሥራ ፈትቶ የቆመ ሰው ነው። ሁለት ሰው ይሰፋል፣ አሥር ሰው ቆሟል። ይህ ሁሉ ሰው መንገድ ዘግቶ የሚቆመው ለምንድን ነው ብዬ ነበር። ለምን አንድ ሰው አልነገረኝም?» አለኝ።

«ዝናብ አስጠልሎዎት ነበራ፣ ኢንጂነር። ዝናብ ያስጠለለውን ሰው እኛ አናነጋግረውም።»

ያ ሁሉ ዓመት ለካ እሱ የእኛን ዝምታ እንደ ስምምነት፣ እኛም የእሱን ዝምታ እንደ ጨዋነት ቆጥረነው ኖሯል። ማን ያጠፋ እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት ማንም አላጠፋም። ግን ከተማ የሚያህል ነገር በዚህ ሊወሰን መቻሉ አሁንም ያስደንቀኛል።

ሰኔ ገባ፤ ውሳኔው አልመጣም። የግንባታው ጊዜ ግን ይሄዳል፤ ዘይነባም ብሎኬት ለማዘዝ አንድ እግሯ ተነሥቷል። እኔ ቤቴ ተቀምጬ የቆርቆሮውን ድምፅ ስሰማ አላስችል አለኝ። አንድ ጠዋት ባጃጅ ጠርቼ የስፌት መኪናዬንና ዱካዬን ጫንኩ። ወስጄም ስላቡ ሥር፣ ድሮ የሐጂ መደርደሪያ በነበረበት ቦታ አቆምኳቸው። ዘይነባ ስታየኝ ደነገጠች።

«ጋሼ፣ ገና አልተፈቀደም እኮ!»

«አውቃለሁ» አልኳት።

ዝናቡ ወረደ። ከመናኸሪያ የመጣ ሰው ሁሉ ምሰሶዎቹን ሲያይ እንደ ድሮው ዘው ይል ጀመር። ገበሬው፣ ተማሪዋ፣ ሁለት ነርሶች፤ ማንም አልጠራቸውም። ይኼኔ አንድ የደንብ አስከባሪ ወጣት ፕላስቲክ ለብሶ እየረጠበ መጣ። አንገቱን ደፋ አድርጎ ሰላምታ ሰጠኝና መኪናዬን አየ።

«ጋሼ፣ አካም ጅርቱ? ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እዚህ እኮ…»

«ዝናብ አስጠልሎኝ ነው ልጄ።»

የመቱ ልጅ ነው፤ ቀጥሎ ምን ብሎ ይጠይቀኝ? መኪናዬን አየ፣ ሰዉን አየ፣ ዝናቡን አየ። ዱካዬን በእግሬ ገፋ አደረግሁለት።

«ኮቱ፣ ታኢ።»

ተቀመጠ። ቆቡን አውልቆ ውኃውን አራገፈ። የሸሚዙ ኪስ ተተርትሮ ተንጠልጥሏል፤ አይቻለሁ፣ ምንም አላልኩም። እሱ ዝናቡን አየ። ዝናቡ ሲሰለቸው የእኔን መርፌ አየ። ቀጥሎ ኪሱን በጣቱ ነካ ነካ አደረገና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሼ… ይቺን ኪስ ስንት ያደርጉልኛል?»

ሸሚዙን ተቀበልኩት። ዘይነባ ፊቷን ወደ ምሰሶው አዙራ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አላየሁም።

«ዝናቡ እስኪያባራ ብቻ ነው ታዲያ፣ ጋሼ» አለኝ ደንብ አስከባሪው፣ የሥራው ነገር ትዝ ሲለው።

«እስኪያባራ ብቻ» አልኩት።

ገና ሰኔ ነበር።